ዓባይ መቼ አበለ?

አንዲት ትርጓሜ አለች። ሠርግ ቤት ከጥሎሽ በኋላ ጨዋታ ሲደራ ትነሳለች፤ በሬዲዮ የጥያቄና መልስ ሰዓት ትቀርባለች፤ በትምህርት ቤት የሥነ ጽሑፍ ክበብ ግጥም ሆና ትነበባለች፤ አሁን አሁን ደግሞ በየስልካችን ፎቶ ተለጥፎላት ትዞራለች። እንዲህ ትላለች፦ «ዓባይ ዓባይ የተባለው ስለሚያብል ነው። አባይ ማለት ውሸታም፣ ከሃዲ ማለት ነው። ጎጃም ተወልዶ፣ የጎጃምን አፈር ተሸክሞ፣ እናት አገሩን ጥሎ ለባዕድ ስለሚገብር አበው ይህን ስም አወጡለት።» ተናጋሪው ይህን ካለ በኋላ ወንበሩን ደገፍ ይላል። አድማጩም «አቤት አማርኛ!» እያለ ራሱን ከላይ ወደ ታች ይነቀንቃል።

እኛ ግን ራሳችንን ከግራ ወደ ቀኝ ነው የምንነቀንቀው። ትርጓሜዋ ትጣፍጣለች፤ ሐሰት ግን ናት። ሐሰትነቷ ብቻ ቢሆን ኖሮ «ይሁን፣ ጨዋታ ነው» ብለን ባለፍናት። ችግሩ ከጨዋታ አልፋ እንደ ታሪክ መጠቀሷ፣ ከዚያም አልፋ ለስንፍናችን ማመካኛ መሆኗ ነው። ስለዚህ እስቲ ዛሬ እንጣላት።

ከሥሩ እንጀምር። ዛሬ በአማርኛ «አባይ» ብለን በአፋችን የምናወጣት አንዲት ድምፅ በውስጧ ከአንድ በላይ ቃል ተሸክማለች። ቃላቱ ዘመዳሞች አይደሉም። እንዲያው በአንድ ቤት የተገናኙ ደባሎች ናቸው።

አንደኛው ቃል የመጣው ከግዕዙ «ዐበየ» ነው፤ ታላቅ ሆነ፣ ከፍ አለ ማለት ነው። ወንዱን «ዐቢይ»፣ ሴቷን «ዐባይ» ይላል፤ ታላቅ፣ ታላቂቱ። ይህን ሥር የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ማወቁን አያውቅ ይሆናል እንጂ። ዐቢይ ጾም የምንለው ታላቁን ጾም ነው። ዜና አንባቢው «ዐበይት ዜናዎች» የሚለን ዋና ዋናዎቹን ማለቱ ነው። መሥሪያ ቤቶቻችን በየምክንያቱ የሚያቋቁሙት «ዐቢይ ኮሚቴ» ዋናው ኮሚቴ ነው። «ትዕቢት» እንኳ ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው፤ ራስን ታላቅ ማድረግ። እንግዲህ ዓባይን ውሸታም ያላችሁ ሰዎች እስከ መጨረሻው ጽኑና ዐበይት ዜናዎችን «የውሸት ዜናዎች»፣ ዐቢይ ኮሚቴን «ዋሾ ኮሚቴ» በሉልን። (አንዳንዴ ሊያስኬዳችሁ ይችላል፤ የቃሉ ትርጉም ግን እሱ አይደለም!)

ሁለተኛው ቃል የአማርኛው «አበለ» ነው፤ ዋሸ ማለት ነው። ከ«ገደለ» ገዳይ፣ ከ«ከፈለ» ከፋይ፣ ከ«ታገለ» ታጋይ እንደሚወጣ ሁሉ ከ«አበለ» አባይ ይወጣል። ልብ በሉ፤ በመጨረሻዋ ላይ የምትሰማው «ይ» የተለወጠች «ል» ናት። «እብለት» ስንል ያቺው «ል» ተመልሳ ብቅ ትላለች። በታላቁ ቃል ቤት ግን «ል» የምትባል ፊደል ዘር ማንዘሯም የለም፦ ዐበየ፣ ዐቢይ፣ ዐበይት፣ ትዕቢት። አንዷን እንኳ ፈልጋችሁ አምጡልን። ሁለቱ ቃላት የሚመሳሰሉት መንገድ ላይ ሲተላለፉ ብቻ ነው፤ ከየት እንደ መጡና ወዴት እንደሚሄዱ ስትጠይቋቸው አይተዋወቁም።

ሦስተኛም አለ፤ የግዕዙ «አበየ»፣ እምቢ አለ። በየቀኑ የምንላት «እምቢ» የዚህ ቃል ልጅ ናት። ይህኛው በአልፋው አ ነው የሚጻፈው። ታላቁ ደግሞ በዐይኑ ዐ። ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ደክመውበት፣ ደስታ ተክለ ወልድ ፈጽመው በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙት ታላቁ የግዕዝ መዝገበ ቃላት የተደረደረው በአበገደ ተራ ነው። በዚያ ተራ አ የመጀመሪያው ደጃፍ ላይ ናት፤ ዐ ደግሞ ብዙ ፊደላት ካለፉ በኋላ ራቅ ብላ ትገኛለች። «አበየ»ን ከፊት፣ «ዐበየ»ን ከሩቅ ነው የምታገኟቸው። ለሊቃውንቱ የአንድ ቤት ልጆች አልነበሩም።

«ይህ የመጽሐፍ ወሬ ነው፤ በአፍ ግን አንድ ናቸው» የሚለን አይጠፋም። በአማርኛ አፍ እውነት ነው፤ አንድ ናቸው። ዐ ድሮ ከጉሮሮ የሚወጣ የራሱ ድምፅ ነበረው፤ አማርኛ ጣለው። ትግርኛ ግን እስከ ዛሬ አልጣለውም። መቐለ ወይም አክሱም ያለ ወዳጅ ካላችሁ ደውሉና «ዓበየ» እና «ኣበየ» በሉ ብላችሁ ለምኑት። የመጀመሪያው አደገ፣ ሁለተኛው እምቢ አለ ነው። ምንም ያልተማረች የትግራይ ገበሬም ብትሆን ሁለቱን አታምታታም፤ ጉሮሮዋ ይለይላታል። አያቱን «ዓባይ» የሚል የትግርኛ ተናጋሪ ታላቂቱን እናቱን ማለቱ እንጂ ውሸታሟን ማለቱ አይደለም። እኛ ጆሯችን የጣለውን ልዩነት አእምሯችንም እንዲጥለው መፍቀድ የለብንም።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ ጣጣ እንዳይመስላችሁ። ግሽ ዓባይን በዐይኑ አይቶ ስላየው ከጻፉ አውሮፓውያን ቀዳሚው ፔድሮ ፓኤዝ የተባለ ኢየሱሳዊ ቄስ ነው፤ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን 1618 ምንጩ ላይ ደረሰ። መጽሐፉን የጻፈው በፖርቱጋልኛ ቢሆንም ሰውዬው ስፓኛዊ ነው፤ በ1564 ማድሪድ አጠገብ ኦልሜዳ ነው የተወለደው። በእናት ቋንቋው በስፓኒሽ ደግሞ «ያማ» የሚል ቃል አለ። ያማ ነበልባል ነው። ያማ «ይጣራል፣ ይጠራል» ነው፤ ስፓኛዊ ስሙን ሲነግራችሁ «ሜ ያሞ…» የሚለው ከዚሁ ነው። ያማ ደግሞ በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ላይ ጭነት የሚሸከመው፣ አንገተ ረጅሙ ግመል መሰል እንስሳ ነው። አንድ አጻጻፍ፣ አንድ ድምፅ፣ ሦስት ትርጉም።

ከየት መጡ? ነበልባሉ ከላቲኑ «ፍላማ»፣ ጥሪው ከላቲኑ «ክላማት»። የካስቲል ሰው ምላስ የ«ፍላ»ንም የ«ክላ»ንም መነሻ አለስልሶ አንድ አደረጋቸው፤ ልክ የእኛ ምላስ አንና ዐን አንድ እንዳደረገ። እንስሳው ግን ከላቲን ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ ስሙ የኬችዋ ነው፣ የአንዲስ ነባር ሕዝብ ቋንቋ። ስፓኛውያን በ16ኛው መቶ ዘመን አገሩን ሲወሩ ከእንስሳው ጋር ስሙንም ወሰዱት። እንግዲህ አንድ ስፓኛዊ ተነሥቶ «እንስሳው ያማ የተባለው ሲቆጣ እንደ እሳት ስለሚንቀለቀል ነው» ቢል ምን ይባላል? ይሳቅለታል። ምናልባትም ቆንጆ የልጆች ተረት ይወጣዋል። መዝገበ ቃላት ውስጥ ግን አያስገቡለትም። እኛ ጋ ነው የሠርግ ቤት ጨዋታ «አበው እንዳሉት» የሚል ማኅተም ተመትቶበት የሚወጣው።

በነገራችን ላይ፣ ግሽ ዓባይ ላይ በእውነት «ውሸታም» መባባል የመጣው ከውጭ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከፓኤዝ 152 ዓመት ዘግይቶ፣ በኅዳር 1770 ምንጩ ጋ ደረሰና በምንጩ ውሃ ለእንግሊዝ ንጉሥ ለጆርጅ ሦስተኛ ጤንነት ጠጣ። ከዚያ «ቀድሞኝ እዚህ የደረሰ አውሮፓዊ የለም፤ የፓኤዝ ወሬ አይታመንም» አለ። ለንደን ሲመለስ ደግሞ የእሱኑ ወሬ የሚያምን አጣ፤ በውሸታምነት ተሳለቁበት። አንዱ ሌላውን ሲያብል፣ ሌላው ደግሞ እሱን ሲያብለው፣ ምንጩ ዝም ብሎ ይፈስ ነበር። ምንጩ ዙሪያ የሚኖሩት፣ ውሃውንም የሚያከብሩት አገዎች «ተገኛችሁ» እስኪባሉ አልጠበቁም።

አሁን ወደ ራሱ ወደ ግሽ እንምጣ፤ ምክንያቱም ለትርጓሜዋ ትልቁ መልስ ያለው እዚያ ነው። ሰከላ ወረዳ ናት፤ ከቡሬና ከጃቢ ጠህናን ጋር ትዋሰናለች፤ ቀዝቃዛ ደጋ። ከዚያ የሚነሳው ግልገል ዓባይ ወደ ሰሜን ወርዶ ጣና ይገባል፤ ታላቁ ዓባይ ከባሕር ዳር ይወጣል። በአካባቢው ትውፊት አቡነ ዘርዐ ብሩክ ተይዘው ሲሄዱ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለውሃው አደራ ሰጡት፤ ሲመለሱም ውሃው መጻሕፍቱን ሳይረጥቡ መለሰላቸው ይባላል። አማኝ ያምነዋል፣ ሌላው ትውፊት ይለዋል፤ ያ የየራሳችን ጉዳይ ነው። እኛ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ወንዙን ከጅምሩ የሚያውቀው ሕዝብ ስለ ወንዙ የሚናገረው ታሪክ የአደራ ታሪክ ነው። የተሰጠውን ያልበላ፣ ያልከዳ ውሃ። ጠበሉን በጀሪካን ቀድቶ ወደ ቤቱ የሚወስደው ምእመን ከውሸታም እጅ መድኃኒት እየተቀበለ ነው ልትሉት ነው? «አበው ከሃዲ አሉት» የምትሉን፣ የየትኞቹ አበው?

«እንዲህ ከሆነ ቅኔን ልትከለክሉን ነው» የሚሉ ወዳጆች አሉን። በፍጹም! ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራን ባፈራ ምድር ላይ ቆሞ ቅኔ የሚከለክል እብድ ብቻ ነው። ነገሩ እንዲያውም ተቃራኒው ነው። በዓባይና በአባይ ሰምና ወርቅ መሥራት የሚቻለው ሁለቱ የተለያዩ ቃላት ስለሆኑ ነው። ባለቅኔው ሁለቱንም ለይቶ ያውቃል፤ አውቆ ያጋጫቸዋል፤ ከግጭቱ ብልጭታ ያወጣል። «ዓባይ ማለት ውሸታም ማለት ነው» የሚለው ሰው ግን ወርቁን ሰም ውስጥ አቅልጦ ሻማ ሠራ ማለት ነው። ቅኔ ሰማ፤ ቅኔ መሆኑን ግን አልሰማም። እንግዲህ ቅኔን ማን ነው የገደለው?

የዚህ ዓይነት ስም መፍታት ከጀመርን ማብቂያም የለውም። ቡሬን ውሰዱ። ቡሬ የጎጃም ከተማ ናት፤ ቡሬ የበሬ መልክ ነው፤ ቡሬ በአሰብ መንገድ ላይ ያለች፣ ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት ግንባር የነበረች ቦታም ናት። ሦስቱን በአንድ ገመድ አስሮ ተረት መፍጠር ለአንድ ብርጭቆ ጠላ የሚበቃ ሥራ ነው። ፍኖተ ሰላምስ? በግዕዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ጦርነት ያንገላታት ከተማ ናት፤ በዚያው ክረምት ከሰማይ በወረደ ጥቃት ሰላማዊ ሰዎች አልቀውባታል። ታዲያ ስሟ አልሠራም ብለን ከተማዋን አባይ እንበላት? የከተማዋ ስም ምኞት ነው። ምኞቱን ያጠፋ ካለ ሰው ነው፤ ስሙ አይደለም።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገራችን። ወንዙን ከሃዲ ማለት የሚጥመን ለምንድን ነው? ጥፋተኛ ስለሚያገኝልን ነው። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» እንላለን፤ ከዚያ ጥማቱን በዓባይ ላይ እናላክካለን። አፈሩን ወሰደው እንላለን፤ ተዳፋቱን ያለ እርከን ያረሰው፣ ዛፉን የመነጠረው ወንዙ ይመስል! ውሃ ወደ ቁልቁለት ይሄዳል። ይህ ክህደት ሳይሆን የውሃ ጠባይ ነው። በክረምት ተራራ ሥር ያለ የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ይህን ያውቃል፤ ለዚህም ነው ማሳው ላይ ቦይ የሚያወጣው፣ እርከን የሚሠራው። ወንዝ የሚሳደበው ከተማ ውስጥ ቡና ይዞ የተቀመጠው ነው።

በሌላ በኩል በዓባይ ላይ በእውነት የተዋሸውን ውሸት አናነሳም። በ1959 እ.ኤ.አ. ግብፅና ሱዳን የዓባይን ውሃ 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ብለው ለሁለት ሲካፈሉ፣ ከውሃው አብዛኛው የሚነሳባት አገር በስብሰባው ላይ አልነበረችም። ያ ነው እብለት። ከዚያ በፊት በ1902 ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል ሦስተኛ አንቀጽ ላይ «አሬስት» የምትል አንዲት የእንግሊዝኛ ግስ ተቀመጠች። ፍሰቱን ፈጽሞ ማቆም ነው ወይስ ውሃውን መንካት? ለብዙ ዘመን ተከራከሩባት። ውጫሌንም አስታውሱ፤ በአማርኛው «ይቻላቸዋል» የሆነው በጣሊያንኛው ግዴታ ሆኖ ተገኘ፣ መጨረሻው ዓድዋ ሆነ። ለእኛ አገር የአንድ ቃል ሁለት ትርጉም የሠርግ ቤት ጨዋታ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ቃል በደም ያስከፍላል። የራሱን ወንዝ ስም ትርጉም በግዴለሽነት የሚያወራ ትውልድ የውሉን ቃል በጥንቃቄ ያነባል ብለን እንዴት እንመን?

ስሙን በማያውቁት ሰዎች ስንት ነገር እንደሚጠፋ ደግሞ ከወንዙ ሌላ ስም እዩ። ዓለም «ሰማያዊ ናይል» ይለዋል። በክረምት አይቶት የሚያውቅ ሰው ይስቃል፤ ጭቃ ተሸክሞ የሚጋልብ ወንዝ ምኑ ነው ሰማያዊ? ዐረብኛው «አዝረቅ» ይላል፤ በሱዳን አፍ ግን አዝረቅ ጥቁርም ጠቆር ያለም ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ድሮውንም «ጥቁር ዓባይ» ነው የሚለው። አውሮፓዊው ከሁለቱ ትርጉም አንዱን መረጠ፤ ጥቁሩ ወንዝ በካርታ ላይ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። እነሱ ቀለሙን ቢስቱ የሩቅ ሰዎች ናቸው፤ እኛ ታላቁን ውሸታም ስንለው ምን ሰበብ አለን?

ለሌላኛው ወገን ደግሞ አንድ ቃል አለን። «በዐይኑ ዐ ያልጻፈ መሃይም ነው» እያላችሁ በየአስተያየቱ ሥር ዱላ ይዛችሁ የምትቆሙ የፊደል ፖሊሶች፣ እናንተም ተረጋጉ። በስልክ ቸኩሎ «አባይ» ብሎ የጻፈ ልጅ ወንዙን አልሰደበም። ስፓኛውያን ሦስቱንም ያማ በአንድ ዓይነት ፊደል እየጻፉ አይሳከሩም፤ ለይተው የሚያውቁት ከፊደሉ ሳይሆን ከነገሩ ነው። ሆኖም እነሱ ያጡትን እኛ አላጣንም። ምላሳችን የጣለውን ልዩነት ፊደላችን አስቀምጦልናል። ዐባይ ብትሉትም ዓባይ ብትሉትም ከእኛ ጋር ጠብ የላችሁም፤ ያቺን ዐይኗን ግን ባትነፍጉት ምን ይጎድላችኋል? አንድ ጣት ማንቀሳቀስ ናት። ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ የሚለው ክርክር ይቀጥል፤ ተከራካሪዎቹ ግን የሚጥሉት ፊደል ምን ተሸክሞ እንደሚሄድ አይተው ይጣሉ።

«የውሃዎች አባት» የምትሉትንም አንረሳችሁም። እሱ ትርጓሜ ቢያንስ ስድብ የለበትም። ግን እሱም አይሆንም፤ አባት በግዕዙ «አብ» ነው፣ በአልፋው አ፤ ወንዛችን በዐይኑ ነው። ታላቅ የሚል ስም ያለው ወንዝ አባት የሚል ተጨማሪ ማዕረግ አያስፈልገውም።

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ተመረቀ። በመካከሉ ባለው 14 ዓመት «ከሃዲው ዓባይ ወደ ቤቱ ተመለሰ» የሚል መፈክር ስንት ጊዜ ሰማን? ዓባይ ከመቼ ወዲህ ነው ከቤቱ የወጣው? ወንዙ እንደ ትናንቱ፣ በዚያው መንገድ፣ ወደዚያው ቁልቁለት ነው የሚሄደው። የተለወጠው ሰው ነው። ከጡረታ አበሉ፣ ከወር ደመወዙ፣ ከእንቁላል ሽያጭ ሳንቲሟ ቆጥቦ ቦንድ የገዛው ሰው ነው የተመለሰው። ክብሩን ለወንዙ ጸጸት አሳልፎ መስጠት ያንን ሰው መቀማት ነው።

ስለዚህ ከእንግዲህ አንድ ሰው ጨዋታ ሲያደምቅ «ዓባይ ማለት ውሸታም ማለት ነው» ካላችሁ በጨዋ ደንብ ሦስት ነገር ጠይቁት። «ል»ዋ የታለች? ዐበይት ዜና ማለት ምንድን ነው? ወንዙ መቼ፣ ለማን፣ ምን ብሎ ነው ያበለው? መልስ ካለው እኛም እንሰማለን። ከሌለው ግን ስሙን በቀጥታ ንገሩት፦ ዓባይ ማለት ታላቅ ማለት ነው።